ለጫልቱ ያስጠናኋት አራት ውሸት

የዛሬ ሦስት ሳምንት አርብ ጠዋት፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ጥያቄው ቀላል ነው። አደባባይ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው? ሁለት ምርጫ አፍጥጦብኛል... ሁለቱም ትክክል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው የከብት ክትባት ላይ ነው፤ ከጫልቱ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። ከተኮራረፍን ዓመት ሊሞላን ነው። ታምሜ መቅረቴን እያወቀች «ሥራ ጥላ ጠፋች» ብላ ለአለቃችን ነገረችብኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ማየት አልፈልግም። አሁንም አልፈልግም፣ አልዋሽም።

በፈተናው ሳምንት ሰኞ ዕለት አለቃችን ሁለታችንንም ጠራን። ለቢሮው አንድ ሞተር ሳይክል መጥቷል።

«አርብ ፈተና አለ፣ አስመዝግቤያችኋለሁ። የበለጠ ያመጣችው ሞተሩን ትይዛለች» አለን።

አርጆ መንገድ ላይ ያሉትን ቀበሌዎች የክትባት ሳጥን ተሸክሜ በእግሬ ስዞር ጉልበቴ አልቋል። ሞተሩ ለእኔ ነበር የሚገባው። ከሁሉም በላይ ግን ጫልቱ እጅ እንዳይገባ ነው የፈለግኩት።

ለአራት ቀን ጥናት ያለን አንድ ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው፤ የንብረት ክፍሉ የኦቦ ቀነአ ሴት ልጅ አጥንታ ያለፈችበት። ኦቦ ቀነአ ሊያስታርቁን ያልሞከሩት የለም። ወረቀቱን ለሁለት ገነጠሉት፤ ጥያቄዎቹን ለእሷ፣ የመልሱን ገጽ ለእኔ ሰጡና መሃላችን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«በሉ አሁን ተነጋገሩ» አሉ።

አልተነጋገርንም።

«ኦቦ ቀነአ፣ ጥያቄ አምስት ምንድነው መልሱ? ይጠይቁልኝ» ትላለች ጫልቱ፣ ምርጫዎቹን ጮክ ብላ ካነበበች በኋላ።

«ሀ ነው ይበሏት» እላለሁ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሀ ነው አለችሽ» ይላሉ ምስኪኑ፣ አንዴ ወደሷ አንዴ ወደኔ እየዞሩ።

ማክሰኞ ሰይጣን መጣብኝ። አደባባዩ ጥያቄ ላይ ደረስን። መልሱ «ቀድሞ አደባባዩ ውስጥ ለገባው» ነው። እኔ ግን «ገና ሊገባ ለሚመጣው ነው ይበሏት» አልኩ። ሲጥመኝ ጊዜ ሦስት ሌላ ውሸት ጨመርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጫልቱ እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች መልሳ አነሳች።

«ኦቦ፣ የአደባባዩን ትድገምልኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ። አልገባኝም።»

ደገምኩ። ሐሙስም ጠየቀች፣ እንደገና ደገምኩ። ጭንቅላቷ ደንዝዟል አልኩ በሆዴ። ጭራሽ ምክንያት ፈጠርኩላት... የሚገባው መኪና ዳገት ወጥቶ ስለሚመጣ መሃል ላይ ቢቆም ወደኋላ ይንሸራተታል ብዬ። ኦቦ ቀነአ እንኳን «ዱጋ፣ እውነቷን ነው» አሉ።

እንግዲህ አርብ ኮምፒውተሩ ፊት የደረሰብኝ ይሄ ነው። የቱ መልስ፣ የቱ ውሸቴ እንደሆነ ጠፋኝ። ዳገት የሚወጣው መኪና ዓይኔ ላይ መጣ... እሱን ነካሁ።

በአንድ ጥያቄ ወደቅኩ። በአንድ።

ጫልቱ አልፋ በር ላይ ቆማለች። ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኦቦ ቀነአ አናገረችኝ።

«አራት ጊዜ ዋሽተሽኛል። ወንድሜ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ መልሶቹን አንድ በአንድ አይቶልኛል።»

አፈርኩ። ግን ንዴቴ ይበልጥ ነበር።

«እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ዝም መች አልኩ» አለች። «በደንብ እንድታጠኚው አስደገምኩሽ እንጂ።»

የተግባሩንም ፈተና አለፈች። ሞተሩ የእሷ ነው። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ የክትባቱን ሳጥን ታቅፌ እሄዳለሁ። ከከተማ ስንወጣ አደባባዩ ጋ ትቆምና ሳትዞር ትጠይቀኛለች...

«ቅድሚያ የማን ነው?»

መልሱን እስክነግራት አትነሳም።