ትንሽ ይፈራሉ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ጾም መሻሬን፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን፣ ሌላ ሌላውንም ተናዝዤ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ለሚስቴም አልነገርኩም። ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ይህም ራሱ ፈሪነት ነው።

ስምንት ዓመት ሆኖታል። ደብረ ማርቆስ የመምህርነት ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ ሮብ ገበያ አካባቢ ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ተላክሁ። የተመደብኩት ዜሮ ክፍል ነው፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉት ሕፃናት ዘንድ። መምህርቷ እትዬ አንጓች ይባላሉ። አባታቸው ዲማ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ የኔታ ስለነበሩ ፊደልን የለዩት ከአባታቸው እግር ሥር ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። የልጅ ንፍጥ በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፤ የሚያለቅስ ካለ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማስተማራቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ ክፍል ሌላ ሕይወት ያላቸው አይመስሉም ነበር።

እኔ ደግሞ ኮሌጅ የረገጥኩ ሰው ነኝ! አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ጸሐይ» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አንጓች ከኋላ ሆነው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ትጽፋታለህ እንዴ? ስሟን ይዞ የተቀመጠ ፀሐዩ ፀ እያለልህ!»

ቀልድ ነበር። ልጆቹም ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ በእረፍት ሰዓት ባዩኝ ቁጥር «ፀሐዩ ፀ!» ብለውኝ ይሮጣሉ። አብሬ ብስቅ ምን ነበረበት? እኔ ግን ቂም ያዝኩ። በእናቴ እኩያ ላይ፣ በአንዲት ፊደል የተነሳ፣ ቂም ያዝኩ።

በሳምንቱ ከውጭ አገር አንዲት ወጣት መጣች። እንደ እኔው የመምህርነት ተማሪ ናት፤ በሌላ አገር ሕፃናት እንዴት እንደሚማሩ ተመልክታ ዘገባ ልትጽፍ ነው። እንግሊዝኛ ይችላል ተብዬ አስተርጓሚዋ ሆንኩ። ለልጅ ቁመት በተሠራው አግዳሚ ላይ ጉልበታችን አገጫችን ሊደርስ ምንም ሳይቀረው ጎን ለጎን ተቀመጥን።

እትዬ አንጓች በቀጭን መጠቆሚያ እንጨት ፊደሉን እየነኩ «ገባችሁ ልጆቼ?» ይላሉ። ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። እኛ ዘንድ ይህ «አዎ» ማለት ነው፤ እናንተም ዛሬ ሳታስቡት ስንቴ አድርጋችሁታል። እንግዳዋ ግን ምን ታውቃለች? ያ ሁሉ ሕፃን ባንዴ የደነገጠ መሰላት። እንጨቷንም አየች። ጠጋ ብላ «ይፈሯቸዋል እንዴ?» ስትል በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«አዎ ማለታቸው ነው» ብላት ያልቅ ነበር። ትስቅ ነበር፤ እሷም ትሞክረው ነበር። የት ላይ እንደተሳሳተች አላወቅሁም? አውቄያለሁ። አውቄ ነው፣ እኔ ነኝ፣ አፌን ሞልቼ «ትንሽ ይፈራሉ» ያልኳት። እሷም ጻፈችው።

ምልከታዋን ስትጨርስ ርእሰ መምህሩና የወረዳው ባለሙያ በተቀመጡበት ዘገባዋን አነበበች። ክፋት አልነበረባትም፤ ለልጆቹ አዝና እንባዋ ቀርቦ ነበር። እትዬ አንጓች ጥግ ላይ እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ። «ልጆቹ መምህርቷ በጠየቀቻቸው ቁጥር ይሸበራሉ» የሚለውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። እዚያ ላይ እንኳ ማቆም እችል ነበር። ድምፄን አስተካክዬ ቀጠልኩ።

በዚያ ዘገባ ሰበብ እትዬ አንጓች ከክፍላቸው ተነሥተው የመጻሕፍት ክፍል ቁልፍ ያዥ ሆኑ። ዜሮ ክፍልን እስከ ልምምዴ መጨረሻ እኔ ያዝኩት። ልጆቹ «እትዬስ?» ሲሉኝ «ይመጣሉ» እላቸው ነበር።

ልሰናበታቸው የሄድኩ ዕለት አቧራ የጠጡ መጻሕፍት መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው። መርቀው ሲያበቁ እጄን አልለቀቁኝም።

«አንተ እንኳ አብረኸኝ ነበርክ፤ እውነቱን ንገረኝ ልጄ። ልጆቼ ይፈሩኝ ነበር?»

«እኔ አላስተዋልኩም፣ እትዬ» አልኩ።

«እኔም አላስተዋልኩም» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ሕፃን ሳስበረግግ ኖሬ አላስተዋልኩም።»

እጄን ለቀቁኝ፤ ወጣሁ። ያን ጊዜ ምን አስቸኮለኝ? መኪና አያመልጠኝም ነበር፤ የሚጠብቀኝም አልነበረም። አፍሬ ነው የሮጥኩት፤ ግን ማፈሬ ለእሳቸው ምን ጠቀማቸው?

አሁን አማኑኤል ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡባቸው «እንዳላስደነግጣቸው» እያሉ ወደ ጓዳ እንደሚገቡ ከአንድ ዘመዳቸው ሰማሁ። ከማርቆስ አማኑኤል በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ከመስኮቱ አዞራለሁ።

ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጆቹ እነማን እንደነበሩ አውቃለሁ። ቂም ነው እንዳልል ቂሙ የተነሳበትን ነገር ነግሬያችኋለሁ። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ማለት የሚችሉት እትዬ አንጓች ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ «በዳይዋ እኔ ነኝ» ብለው ተቀምጠዋል።