የሌለው ጽንስ አባት

ከላቦራቶሪው ሲያወጡኝ ነጭ ጋውኔን እንኳ አላስወለቁኝም። አዳማ ላይ ነፋሱ አቧራ የሚያነሳበት ወር ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ እስክደርስ ጋውኑ መልኩን ቀይሯል። በር ላይ አስወልቀው ወሰዱት። ያመለከተብኝን ሰው አውቀዋለሁ። ለብዙ ዓመት ከጎኔ ባለው ማይክሮስኮፕ ላይ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ይህን ካነበበ ራሱን አያጣውም።

ክፍሉ ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከሰው ራስ በላይ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ወደ መሃል ስለዘረጉ መርገጫ አልነበረም። ላቡ፣ የሽንት ባልዲውና ከየቤቱ የመጣው ወጥ አንድ ላይ ይሸታል።

የክፍሉ አለቃ ሞጆ ላይ ሰልባጅ የምትሸጥ ግዙፍ ሴት ነበረች።

«ዶክተር ናት አሉ፤ እግራችሁን ሰብስቡላት» አለች። «ነገ ስንታመም በነጻ ትወጋናለች።»

የእኔ ሥራ ከሕመምተኛ የተወሰደ ቁራሽ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ማየት እንጂ መርፌ መውጋት አይደለም ልላት ፈልጌ ተውኩት። ገና ስያዝ ላለመናገር ወስኜ ነበር። መርማሪው ሲጠራኝም አፌን ዘግቼ ሄጄ አፌን ዘግቼ እመለስ ነበር። አንዴ ከጀመርኩ የት እንደማቆም አላውቅም። ጀግንነት የመሰላቸው ነበሩ። ፍርሃት ነበር።

ከመስኮቱ ሥር፣ አየር በሚገኝበት ብቸኛ ቦታ፣ አንዲት የወለንጪቲ ልጅ ትተኛለች። ቦታው የተለቀቀላት ነፍሰ ጡር ናት ተብሎ ነው። ለማንም ምግብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጎርሰው እሷ ናት፤ ሽታው ደርሷት ሳትቀምስ ከቀረች ጽንሱን ይጎዳዋል ተብሎ። አልፈልግም ብትልም አይሰሟትም። ትጎርሳለች፣ ከዚያ ባልዲው ላይ ታስመልሳለች። ሴቶቹም «ይኸው» ይባባላሉ።

«እኔ ወንድ አላውቅም» ትላለች ልጅቷ።

«እሺ፣ መልአኩ ወለንጪቲ ድረስ በባጃጅ መጣ በይና» አለቻት አለቃዋ።

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች፤ ወዲያው ሆዷን ያዘች።

የጣቢያው ነርስ ሽንቷን መርምራ እርጉዝ ናት ብላለች። መርማሪው የያዘው ይህን ነው። ከሰፈሯ ጫካ የገባ ጎረምሳ አለ፤ የጽንሱ አባት እሱ ነው፣ ያለበትንም ታውቃለች ብሎ ደምድሟል። ጠዋት ጠዋት ያስጠራታል። ስትመለስ መዳፎቿን ብብቷ ውስጥ ትደብቃለች። እኛም እንዳላየን እንሆናለን።

አንድ ጠዋት ሳይጠሯት በፊት ወደ እኔ ተጠጋች።

«አዴ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት የሚከበርበት አጠራር ነው። «እስቲ እዩልኝ።»

ሆዷን ዳሰስኩ። ማህፀን ከመሃል ተነስቶ ነው የሚያድገው። ይህ እብጠት ግን ወደ ቀኝ ጎኗ አዘንብሏል፣ ጠጣር ነው፣ ገጹም ወጣ ገባ ይላል። መቼ እንደጀመራት ጠየቅኳት። ከታሰረች ወዲህ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። ጽንስ በዚያ ፍጥነት አያድግም።

ሴት ከተወለደች ጀምሮ ወደፊት እንቁላል የሚሆኑ ሕዋሳት አሏት። አልፎ አልፎ፣ ይበልጡን በወጣትነት፣ ከእነዚህ ሕዋሳት ዕጢ ይበቅላል። አንዳንዱ ዕጢ ደግሞ በእርግዝና ጊዜ የሚመነጨውን ሆርሞን ያመነጫል። የነርሷ ምርመራ አልተሳሳተም፤ ሆርሞኑ አለ፣ ልጅ ግን የለም። እንዲህ ያለ ዕጢ ቁራሽ ላቦራቶሪያችን ሲመጣ፣ ሕዋሱ የተሸከመውን ምልክት ፈልጎ የሚይዝ ቀለም እናደርግበታለን። ምልክቱ ካለ ቡናማ ይሆናል። ሕዋሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ማንም ሳይመታው።

«ልጅ አይደለም» አልኳት።

አለቀሰች። የደስታ ነበር። የቀረውን አልነገርኳት። ዕጢው ከተጠመዘዘ ወይም ከፈነዳ እዚያው ሲሚንቶ ላይ፣ በመሃላችን ትሞታለች። ማስመለሱ ብሶባታል፤ ሕመሙም ቀጥ ብላ አላስኬዳት ብሏል። ተነስቼ በሩን መታሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሲጠሩሽ ዝም ስትይ ከርመሽ ዛሬ በገዛ እግርሽ?» አለች አለቃዋ።

መርማሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ፤ ከሌሎቹ ጩኸት ይልቅ እሱ ያስፈራኝ ነበር።

«ይናገሩ እንግዲህ፣ ዶክተር።»

ነገርኩት። አልትራሳውንድ ትነሳ፣ አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የሚባለውን የዕጢ ምልክት በደሟ ይፈልጉላት፤ ጽንስ ከሌለ አባትም የለም አልኩት።

«ሊያስመልጧት ቢሆንስ?»

«አልትራሳውንዱ ዘመዴ አይደለም።»

ንጹህ ወረቀት ገፋልኝ። «ይጻፉት።» ጻፍኩ። አጭር ነበር። «ፊርማዎን እዚህ» ብሎ ጣቱን ከገጹ ግርጌ አሳረፈ። ከጽሑፌ እስከ ጣቱ ድረስ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ምን ሊሞላበት እንደሚችል ገባኝ። ካልፈረምኩ ደግሞ ልጅቷ ሐኪም ቤት አትሄድም።

ከመጨረሻው ቃሌ ሥር ተጠግቼ ፈረምኩ። ከዚያ ከፊርማዬ ጀምሬ እስከ ግርጌ ድረስ ባዶውን ቦታ በሰያፍ ሰረዝኩት። የላቦራቶሪ ውጤት ስጽፍ ሁልጊዜ የማደርገው ነው፤ ከእኔ በኋላ ማንም እንዳይጨምርበት። ፈርቼ ስለነበር መስመሩ ተጣመመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አሠራሬ ነው። ስለ ልጅቷ ጨርሻለሁ።»

«ስለ ራስዎስ?»

«ስለ ራሴ የምለው የለኝም።»

ወረቀቱን አንስቶ ከልጅቷ ፋይል ጋር አያያዘው። ከሰዓት በኋላ ለልጅቷ መኪና መጣ። እኔን ከክፍሉ ሴቶች ሁሉ በኋላ ነው የፈቱኝ።

ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣላት። ቁራሹ የተላከው ወደ እኔው ላቦራቶሪ ነው፤ ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ያ ያመለከተብኝ ሰው ተቀበለው። ቀለሙ ሲደረግበት ቡናማ ሆነ። ውጤቱ ላይ ስሙን ጻፈ። ጽሑፌ ከልጅቷ ጋር ሐኪም ቤት ስለሄደ መጀመሪያ ማን እንደጠረጠረ ያውቅ ነበር፤ ለአንድም ሰው አልተነፈሰም። እኔ እዚህ ጻፍኩት።

ልጅቷ ድናለች። አንዳንዴ ትደውልልኛለች። ያን ጎረምሳ ታውቀው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ባንክም ሆነ ቀበሌ ስፈርም ከፊርማዬ በታች ያለውን ባዶ ቦታ እሰርዛለሁ። ወረቀቱን አበላሹብን ብለው ይቆጣሉ። ይቆጡ። መስመሩ ግን ዛሬም ቀጥ አይልልኝም።