አራስ ቤት የገባ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ወደ ሰሜን በዘመተበት ዓመት፣ አምቦ የነበረውን ቤታችንን በሳቅ የሚሞሉት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። እናቴ ወንድሜን ወልዳ አራስ ስለነበረች፣ እሳቸው ከእርሻ ሲመለሱ ወደ እኛ ጎራ ይሉና ምድጃው ዳር በቆሎ እየጠበሱ ተረት ያወሩልኛል። ኩራዙ ጭል ጭል እያለ፣ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ቀበሮ ጅብን ስታሞኘው ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ያኔ እናቴ ሳትቀር ከመጋረጃው ወዲያ ትስቅ ነበር።

እኔ ግን የምጠብቀው አባቴን ነበር። ሳይደርስ የወንድሜ ክርስትና እንዳያልፍበት ፈርቼ፣ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ አስፋልቱ እሮጣለሁ። አንድ ምሽት ተረቱን አቋርጬ ለክርስትናው ይደርስ እንደሆነ ኦቦ ቶሎሳን ጠየቅኋቸው። ፍሙን በእንጨት ጫር ጫር አደረጉና፣

«ኒ ዱፋ፣ ልጄ። ይመጣል» አሉኝ።

የእሳቸው ቃል መሬት ጠብ አይልም ብዬ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራሁ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያይተው ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ለካ እነሱም ሰምተው ኖሯል።

ወንድሜ ክርስትና በተነሣ ማግስት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢያችንን ሞላው፤ ከፊት የቆሙት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። አባቴ የሞተው፣ ወሬውም አምቦ የገባው፣ ወንድሜ ሳይወለድ ነበር። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ገንፎ የበሉት ሴቶች ሁሉ እያወቁ ነው እልል ያሉት።

እናቴ ደረቷን ስትደቃ እኔ እንባ እንኳን አልመጣልኝም። ኦቦ ቶሎሳ ፊት ሄጄ ቆምኩና ያን ምሽት ያውቁ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ዓይኔን ማየት አልቻሉም።

«አራስ ቤት መርዶ አይገባም፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ተረት ሲጀምሩ ተነሥቼ እወጣ ነበር፤ እስኪሞቱም አልታረቅኋቸውም። ዘመዶቼ ቂመኛ ይሉኛል። አራስ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቃል፣ ልጅ ደግሞ ምስጢር አይችልም፣ ምን ያድርጉ ይሉኛል። እኔም ወልጄ አይቼዋለሁና ወጉን አልነቅፍም፤ ለእናቴ ብለው ዋሹ፣ ይሁን። ግን አባቴ አፈር ለብሶ እኔ በቀበሮ ተረት ስስቅ የከረምኩት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔ አራስ አልነበርኩም።