የሚደፋው ውሃ

ውሃ መድፋት ሥራዬ ነበር። መቀሌ ውስጥ፣ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ብቅ ሲል እልል በሚባልበት ሰፈር፣ ውሃ እየደፋሁ ደመወዝ እበላ ነበር። ለሰው ሳወራው ይስቃል። እኔን ግን ዛሬም ድረስ ያበግነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሓድነት በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተሰበረ እርሳሱ የሚቀልጥበት አንድ የተዘጋ ግቢ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ከሥሩ ያለው ውሃ ተበክሎ እንደሆነ ለማወቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቱቦ አስገባበት። እኔ በየሦስት ወሩ እየሄድኩ ናሙና እቀዳለሁ። ናሙናው እንዲታመን ታዲያ ቱቦው ውስጥ ቆሞ የሰነበተው ውሃ መጀመሪያ በፓምፕ ወጥቶ መደፋት አለበት፤ ለዚያውም ቱቦው ሦስት ጊዜ እስኪታጠብ። ወደ ሠላሳ ጀሪካን ይሆናል። ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔ የምፈልገው ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው። እሱን በረዶ ሳጥን ውስጥ ከትቼ አውሮፕላን ማረፊያ አደርሳለሁ፤ ምርመራው አዲስ አበባ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ጀነሬተሩን እንዳስነሳሁ የግቢው ዘበኛ ወደ በሩ ሮጦ "ማይ መጺኡ! ማይ መጺኡ!" እያለ ጮኸ። ውሃ መጣ ማለቱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያ ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ሲፈስ ማየት አልቻለም። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካን ጀሪካናቸውን ይዘው ገቡ። ከፊት የነበሩት እናት ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው። አነጋገሬን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

"ያገሬ ልጅ ነህ ለካ! ይጠጣል ይሄ?"

ውሃውን አየሁት። ኩልል ያለ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ምርመራውንም ለወጉ ያህል የሚደረግ ነገር አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

"ከቧንቧው ይሻላል እማማ፤ ከጥልቅ ነው የሚመጣው" አልኳቸው። በዚህ አፌ።

ልጃቸው ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የቧንቧው ውሃ ጣዕም እንደሚያቅለሸልሻት ነገሩኝና መረቁኝ። በሁለተኛው ዙር ስደርስ ሁሉም ተሰልፈው እየጠበቁኝ ነበር። የፓምፑን ጎማ ራሴ ይዤ ቀዳሁላቸው። እናትየው ሁለት ጀሪካን ሞልተው "አላህ ይጨምርልህ" አሉኝ። ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወደተከራየኋት ክፍሌ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። ጀግና!

ከሁለት ሳምንት በኋላ የናሙና መላኪያ ቅጽ ፈልጌ የአለቃዬን መሳቢያ ከፈትኩ። ከቅጾቹ ሥር የመጀመሪያው ዙር ውጤት ተቀምጧል። እርሳስ፤ ለመጠጥ ውሃ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ። ወረቀቱ ቢሮ የገባበትን ቀን የሚያሳየው ማህተም ከሁለተኛው ዙር በፊት የተመታ ነው። ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ይደገም" ተብሎ ተጽፎበታል። ድገም ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደምደግም የነገረኝ ግን አልነበረም።

ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። "ይሄን ውሃ ሰው እየጠጣው ነው!" አልኩት።

"በአንድ ውጤት ሕዝብ አናሸብርም" አለኝ። "ደግሞስ አድል ያለህ ማነው? መመሪያው ድፋ ነው የሚለው።"

ይበልጥ ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው። መመሪያው ድፋ ይላል። መርዙን እያወቀ ዝም ብሎ የላከኝ ሰው በመመሪያ ረታኝ። ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ቃጣኝ። አልገለበጥኩም፤ ለእንጀራዬ ፈራሁ። በዚህም በራሴ እናደዳለሁ።

በዚያው ከሰዓት ሓድነት ሄድኩ። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ሳፋ ይዘው ልብስ ያጥባሉ። "ምነው ያገሬ ልጅ፣ ፊትህ ጠቁሯል" አሉኝ።

ነገርኳቸው። እጃቸውን ከአረፋው አውጥተው በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ ጭራሽ እኔኑ ያጽናኑኝ ጀመር።

"አብሽር። ጥሬውን አላጠጣኋትም። አንድም ቀን ሳላፈላ አልሰጠኋትም፣ ወላሂ።"

ማፍላት እርሳስን አያጠፋውም። ውሃው እየተነነ መርዙ ይቀራል፤ ጭራሽ ይብሳል። ይህንንም መናገር ነበረብኝ፤ ተናገርኩ። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷት፣ የጠጣችውንም ይንገሯቸው፤ ለጎረቤቶችዎም ማንም እንዳይጠጣው ይንገሩ አልኩ።

አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጓዳ ገብተው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጀሪካን ጎትተው አወጡ። ሌላ ሰው እንዳይነካባት ለልጃቸው የደበቁት ነው፤ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ደጅ ወዳለው ቦይ ወሰዱት፣ ሊያዘነብሉት ሲሉ ቆሙ።

"የት ልድፋው?" አሉኝ።

እኔም አላወቅኩም። ጀሪካኑን ተቀብያቸው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ቦታ ያዝክብኝ እያለ ሲነጫነጭ ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ቢሮ ገብቼ አለቃዬ ፊት፣ ከዚያች መሳቢያ አጠገብ ዱብ አደረግኩት።

"ከግቢው የተቀዳው ነው" አልኩት። "አንዲት ነፍሰ ጡር ስትጠጣው የነበረው። የት ልድፋው?"

ጀሪካኑን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ወደሚጽፈው ወረቀት ተመለሰ።

"ውጭ ድፋዋ" አለኝ።