ልጇን «ጠብቂው» ያለቻት ሴት

በአርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ተራ ላይ «ጠብቂው!» ብሎ የሚጣራ ሰው አንድ ሰሞን ብዙ ትንንሽ ልጆች ባንዴ ይዞሩለት ነበር። በ1990 ዓ.ም. የምትዞረው አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷም ቅር እያላት። የሻሺቱ ልጅ ናት። ስሙ የተጀመረው በእሷ ነው፤ ማብቂያውም እሷው ላይ ሆነ።

ሻሺቱ የገረሴ ሰው ናት፤ ለገበያ ወርዳ አርባ ምንጭ የቀረች። ከጫኖ ሙዝ እያስመጣች ትሸጣለች። ባሏ ዳምጤ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። የሚኖረው ሲቀላ ከእሷ ጋር ቢሆንም የሽመና ዕቃው እዚያው ደጋ፣ ታላቅ ወንድሙ ኦይታ ግቢ ነው። ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ጉድጓድ አንድ ዳስ ሥር፣ ጎን ለጎን ተቆፍሯል። እየተቀላለዱ ይሠራሉ። ዳምጤ ሰኞ ይወጣል፣ ዓርብ ይወርዳል፣ ጋቢውን ቅዳሜ ገበያ ያቀርባል።

በ1976 ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለምል የዳምጤ ስም ወጣ። ሻሺቱ ያኔ ሆዷ ገፍቷል። የጭነት መኪናው ሲቀላ አደባባይ ላይ ቆሞ እናቶች ደረታቸውን ሲደቁ ዳምጤ ከላይ ሆኖ ለወንድሙ በጋሞኛ ጮኸ።

«ጉድጓዴ ዶሮ እንዳይገባበት!»

የተሳፈሩት ሁሉ ሳቁ። ሻሺቱም ሳቀች። መኪናው የተነሳው እሷ እየሳቀች ነው። በደንብ እንኳ አላየችውም።

ሴት ልጅ ስትወልድ የዳምጤ እናት ቅቤ በቅል ይዘው ከዶርዜ ወረዱ። ለልጅቷ የአያታቸውን ስም አስበውላት ነበር። ሻሺቱ ግን ቀደመቻቸው።

«ጠብቂው ብያታለሁ።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

«ገና ዓይኗን ያልገለጠች ልጅ ማንን ነው የምትጠብቀው?» አሉ አሮጊቷ።

ሻሺቱ አስባበታለች። በጋሞኛ ብትሰይማት የሚሰማው ደጋው ብቻ ነው። በአማርኛ ከሆነ ሾፌሩ ይሰማዋል፣ ፈቃድ የመጣ ወታደር ይሰማዋል፣ እየተቀባበለ ጦር ሠፈር ይደርሳል። ዳምጤ ማንበብ አይችልም፤ ስም ግን ይሰማል። ሚስቱ እንደምትጠብቀው፣ ልጅ እንደተወለደችለት፣ ልጅቷም ሴት እንደሆነች በአንድ ቃል ይደርሰዋል።

ጎረቤቷ ውቢት አረቄ ሻጭ ናት፤ አፏ ከአረቄዋ ይብሳል። የእሷም ባል ወታደር ነው።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲሉ ነበር የምሰማው» አለቻት። «ያንቺን የጦር አዛዥ ነው እንዴ ያወጣው? ልጅ ወለድሽ ወይስ ዘበኛ ቀጠርሽ?»

በዓመቱ ውቢትም ሴት ወለደች። ግማሽ በቀልድ፣ ግማሽ በልመና «የኔዋም ጠብቂው ትባል» አለች። ክርስትናው ሳይደርስ ባሏ ፈቃድ አግኝቶ ከች አለ። በቃ፤ ወሬው ሲቀላን ጨርሶ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጣ። ስሙ ባል ያመጣል ተባለ። የአሥር አለቃ ሚስት እጅጋየሁ፣ ቀጥሎ ከጫኖ አንዲት የገበሬ ሚስት፣ ቀጥሎ ስማቸው የማይታወቅ የደጋ ሴቶች ልጆቻቸውን ጠብቂው አሏቸው። ወንድ የወለዱት ጠብቀው አሉ። ቄሱ «ይህ ስም ነው ወይስ ትእዛዝ?» እያሉ ቢያጉረመርሙም ማንም አልሰማቸውም። ሻሺቱ መንገድ ላይ ስታልፍ እርጉዞች እየተነሱ እጇን ይስሟት ጀመር። ደስ ይላት ነበር። የዳምጤ ወሬ ግን አልመጣም።

በ1983 ሠራዊቱ ተበተነ። ሰው በመኪና ጣሪያ ላይ፣ በእግር፣ በምርኩዝ ተመለሰ። የውቢት ባል አንድ እጁን ጥሎ መጣ። ውቢት በሳምንቱ የልጇን ስም መቅደስ ብላ ቀየረችው፤ «ሥራዋን ጨርሳለች» አለች። እጅጋየሁ ደግሞ መርዶ ተነገራት፤ ለቅሶው ሲያበቃ እሷም ቀየረች። ባሏ የመጣላትም የሞተባትም ስሙን ከልጇ ላይ አውልቃ ጣለች። ከሲቀላ ውስጥ በስሙ ያለችው የሻሺቱ ልጅ ብቻ ሆነች።

በዚያው ክረምት ዳምጤን በእጁ የቀበረ አንድ ጓደኛው ዶርዜ ድረስ ሄዶ ለኦይታ ነገረው። ኦይታ ወረደ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ካሳ፣ ከሰሜን መጥተው አርባ ምንጭ በጡረታ የተቀመጡ ሰው፣ ሽማግሌዎች አስከትለው ጎህ ሲቀድ የሻሺቱን በር አንኳኩ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሻሺቱ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ ጮኸች።

«ጠብቂው! ነይ፣ ለጋሼ ኦይታ መቀመጫ አምጪ! ጠብቂው! ውሃ ለአቶ ካሳ! የት ሄድሽ፣ ጠብቂው!»

ልጅቷ በባዶ እግሯ፣ እንቅልፏን ሳትጨርስ፣ ከቁመቷ የማያንስ በርጩማ ታቅፋ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። አቶ ካሳ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልጅቷን አዩ፤ ተነሱ። ኦይታም ተከትሏቸው ወጣ። መንገድ ላይ አቶ ካሳ እንዲህ አሉ ይባላል፦ «ስንቱን መርዶ ተናግሬአለሁ፤ እንዲህ አፌ ተይዞ አያውቅም። ልጅቷ በዚያ ስም እየተጠራች በፊቷ ምን ልበል?»

መርዶው ለሚስቱ ያልተነገረ ሰው አይለቀስም። የዳምጤ እናት ከደጋ ሦስት ጊዜ ሰው ላኩ። «ዓይኔ ሳይጠፋ ልጄን ላልቅሰው» አሉ። ሻሺቱ «ሕያው ሰው አይለቀስም» ብላ መለሰች። በ1987 አሮጊቷ ሞቱ። በቀብሩ ላይ አልቃሾቹ የሟቿን ልጆች በየተራ እያነሱ ሲያወርዱ ከኦይታ ቀጥሎ ዝም አሉ። ከሙት አይደምሩት ነገር፣ ከሕያው አይቆጥሩት ነገር። ዘለሉት። ሻሺቱ ይህን ከሴቶቹ መሃል ቆማ ሰማች። ነጠላዋን አስተካከለች።

በ1990 ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ለብሔራዊ ፈተና ሲመዘገብ መምህር በርናባስ ለተማሪዎቹ ነገሯቸው፤ ዛሬ ያስመዘገባችሁት ስም ዕድሜ ልካችሁን ይከተላችኋል፣ የሚቀይር ካለ አሁን ይቀይር አሉ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሙዝ ተራ መጣች።

«እማ፣ ስሜን ልቀይር ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«መነን።»

«ማን ናት መነን?»

«ማንም። ለዚያ እኮ ነው ደስ ያለኝ።»

ሻሺቱ የበሰለውን ከጥሬው መለየቷን ቀጠለች።

«ልጆቹ ‹መጣ ወይ?› ይሉኛል» አለች ልጅቷ። «ጥቁር ሰሌዳ ላጠፋ ስነሳ ‹መጣ ወይ?› ውሃ ልጠጣ ስሄድ ‹መጣ ወይ?›»

«ይበሉ። ይህን ስም የቀየርሽ ቀን አባትሽን በእጅሽ ቀበርሽው ማለት ነው።»

«ተቀብሯል እማ! ከአንቺ በቀር ከተማው ሁሉ ያውቃል!»

ሻሺቱ በጥፊ መታቻት። ከዚያ በፊት መትታት አታውቅም። ጎን የምትሸጠው የውቢት ልጅ መቅደስ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ አንድ ጊዜ እሷም ጠብቂው ነበረች።

በማግስቱ ቅዳሜ ልጅቷ ሳትናገር የገበያ መኪና ተሳፍራ ዶርዜ ወጣች። እሑድ ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ነበር።

«ስትቆፍሪ ነበር እንዴ?» አለች ሻሺቱ።

«አጎቴን ረዳሁት።»

የስሙ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ሰኞ ዕለት «ጠብቂው ዳምጤ» ተብላ ተመዘገበች። ሻሺቱ ያሸነፈች መሰላት። ለጎረቤቶቿም «ደሟ ነው የሳባት፣ አባቷን ልትክድ ነው እንዴ?» እያለች አወራች። ልጅቷ ዝምታ ማብዛቷን አየች፤ የፈተና ሐሳብ ነው ብላ አለፈችው።

ግንቦት ላይ ሌላ ጦርነት ተጀመረ። የጭነት መኪኖቹ እንደገና ሲቀላ አደባባይ ቆሙ። መቅደስ ገና በልጅነቷ ተድራ ነበር፤ ባሏ ካገባት መንፈቅ ሳይሞላው ሄደ። ሻሺቱ ያን ቀን ሙዝ ተራ ሳትወጣ ቤቷ ዋለች።

ልጅቷ ፈተናውን አለፈች። ለመስቀል እናትና ልጅ አብረው ዶርዜ ወጡ፤ ሻሺቱ ከአሮጊቷ ቀብር ወዲህ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቅቤው፣ ሥጋው፣ ጭፈራው እንደ ወጉ ሆነ። ቆጮው ሲቀርብ ሻሺቱ ከሰዎቹ ተለይታ ወደ ዳሱ ሄደች። ዳምጤ ከሄደ ጀምሮ በወጣች ቁጥር ልማዷ ነው፤ ኦይታ ጠርቦ የከደነውን ሳንቃ ገለጥ አድርጋ የባሏን ጉድጓድ ታያለች። ኦይታ ቃሉን ጠብቆ በየጊዜው ሲጠርገው ኖሯል። ዶሮ ገብቶበት አያውቅም።

ዳሱ ሥር ያለው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቦታ ላይ መሬቱ ተደልድሏል። ሣር በቅሎበታል።

«ጋሼ ኦይታ!» አለች። ኦይታ ከበስተኋላዋ ቆሟል። «ማን ነው የደፈነው? እርስዎ ነዎት?»

«ልጅሽ ናት።»

ሻሺቱ ሣሩን እንጂ እሱን አላየችም።

«ለፈተናው በተመዘገበችበት ሰሞን መጣች» አለ ኦይታ። «‹አባቴ የት ነው?› አለችኝ። ለአንቺ ያልነገርኩትን ለልጅ መንገር ነውር ነው። ግን ደፍራ ጠየቀችኝ። አንቺ አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም። ነገርኳት። ‹መቃብሩስ?› አለች። ሩቅ ነው፣ የቀበረው ጓደኛው ራሱ ቢሄድ አያገኘውም አልኳት። አካፋ ስጠኝ አለች። ልርዳሽ ብላት እምቢ አለች። ስትጨርስ እዚያው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የእኔም ሚስት አብራት።»

«እና ለምን አልነገረችኝም?»

«‹እማ ራሷ እስክትጠይቅ አትንገራት፣ ስሙንም እስከዚያ እይዘዋለሁ› አለችኝ።» ኦይታ በተደለደለው አፈር ዳር ቆመ። «እናቴ ልጇን ሳታለቅስ ሞተች፣ ሻሺቱ። ይህን አላነሳብሽም ብዬ ነበር። ዛሬ አነሳሁት።»

ሻሺቱ ጎንበስ ብላ ሣሩ ላይ እጇን አሳረፈች።

ሲወርዱ ልጅቷ ከጭነቱ ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱን ጀምረው የአባያ ሐይቅ ብቅ ሲል ሻሺቱ ተናገረች።

«ስምሽን ቀይሪው። መነን በይው፤ ያሻሽን በይው።»

«ሰርተፊኬቱ ወጥቷል እማ።»

«እንጠይቃለን። መምህር በርናባስን እኔ ራሴ እለምናቸዋለሁ።»

«ተይው። አሁን ‹መጣ ወይ?› ሲሉኝ ‹አይመጣም› እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አይጠይቁም።»

ሻሺቱ የልጅቷን እጅ ልትይዝ አሰበች። ልጅቷ ግን የመኪናውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር።

አቶ ካሳ ሞተዋል። የዕድሩ አዲሱ ዳኛ ወጣት ናቸው፤ ዳምጤን አያውቁትም። ሻሺቱ ቢሮአቸው ገብታ ቆመች።

«ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይዛችሁ ቤቴ ኑ።»

«ለምን ጉዳይ ነው እናቴ?»

«ለመርዶ።»

«ለማን ነው የሚነገረው?»

«ለእኔ።»

ሰውየው ቀና ብለው አዩአት። መርዶውን ራሱ ሊጠራ የመጣ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ቢሆንም መጡ። ኦይታም ከሌሊቱ ተነስቶ ወርዷል። ሲያንኳኩ ሻሺቱ ከፈተች። ወደ ውስጥ አልዞረችም፤ ማንንም አልጠራችም። ልጅቷ ሳትጠራ በርጩማዎቹን ተሸክማ ወጣች፤ ደርድራ ከእናቷ ጎን ቆመች። ኦይታ ተናገረ።

ሻሺቱ ጮኸች። ሰፈሩ መጣ፤ ዕድሩ ድንኳን ጣለ፤ ሰው እንደ ወጉ ተቀመጠ። ግን ለዚያኛው ጦርነት የነበረውን ዕንባ ሲቀላ በ1983 ጨርሶታል። ያኔ ሚስት ከሚስት፣ እናት ከእናት ተቃቅፈው አልቅሰዋል። እጅጋየሁን በር ለበር እየዞሩ ያስተዛዘኗት ሴቶች አሁን ድንኳኑ ውስጥ ስለ አዲሱ ግንባር በለሆሳስ ያወራሉ። አንዱ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ጆሮው ላይ ለጥፏል። አሮጊቷ ቢኖሩ አብረዋት ያለቅሱ ነበር። ሻሺቱ ይህን አሰበችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ መቅደስ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ከባሏ ወሬ የለም። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከሄደች በኋላ ተናገረች።

«እትዬ ሻሺቱ፣ ሴት ከሆነች ያን ስም ልሰጣት ነው። እማዬ፣ አባቴን ያመጣው ያ ነው ትላለች።»

«እናትሽ ዕድለኛ ነበረች። ስሙ አይደለም።»

«ምንም ባያደርግስ ምን ይጎዳል?»

ሻሺቱ ከደጁ ባሻገር ልጇን አየች። ጠብቂው የልብስ ገመድ ላይ ነጠላ ታሰጣለች፤ ዞር አላለችም።

«አንቺው ጠብቂው» አለች ሻሺቱ። «ለልጅሽ አትስጫት። ሽማግሌ በርሽን ያንኳኳ ቀን ደግሞ ክፈቺላቸው፤ ይናገሩ።»

መቅደስ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ጥር ላይ ሴት ወለደች። ሻሺቱ ገንፎ ይዛ ልትጠይቃት ገባች፤ ልጅቷን ታቀፈቻት፤ ስሟን ግን አልጠየቀችም።