የየትምወርቅ እግርና የታመቀው አየር

ሰውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስተኝቶ አየር መንፋት ሕክምና ነው ሲሉኝ ጥያቸው እሄዳለሁ። ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም የምናገረው፤ ከረጢቱን አይቼዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁም። የስንቱን ላብና ትንፋሽ እንደጠጣ እንጃ።

ታላቅ እህቴ እትዬ የትምወርቅ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የበግ ጠጉር ፈትላ ያደረች ሴት ናት። እሷ ትፈትላለች፣ እኔ ከፈትሉ የሚደረበውን ባና እሸምናለሁ፤ ስንነታረክ ውለን ማታ ከአንድ ገበታ እንበላለን። በእግሯ የምትኮራ ሰው ነበረች። ዝናብም ውርጭም ቢሆን የማርያም ለት ከቤተ ክርስቲያን ቀርታ አታውቅም። በኋላ ስኳር በሽታ ያዛት፤ ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል አልድን ብሎ አመረቀዘ። ጠበሉንም ክኒኑንም ሞከረች። ሽታው ሰው ፊት ሲያሳፍራት ጨርቁ ውስጥ ጤና አዳም ትሸጉጥ ጀመር። በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መቆረጥ እንዳለበት ነግሯት የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣት።

ምንተስኖት የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የዚያው የመንዝ፣ የሞላሌ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም። አንድ ለአምስት ተደራጁ የሚባልበት ዘመን ነበርና፣ ሕዝቡ ከስብሰባ ሲወጣ ጠብቆ ገበያው ዳር ድምፅ ማጉያውን አነሣ። አዲስ አበባ ላይ የታመቀ ኦክስጅን የሚሰጥ ክፍል ከፍተናል አለ። ስኳሩም፣ አስሙም፣ ሪሁም፣ መካንነቱም በዚያው አየር ይድናል። ይህ ሁሉ በሽታ የመጣባችሁ የመንዝ አየር ስስ ስለሆነ ነው ብሎም ጨመረ። የገዛ አያቱ በዚሁ አየር ዘጠና ዓመት ሙሉ ሰው ሲሳደቡ ኖረው ነው የሞቱት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እትዬ የትምወርቅ ጠርታ የኔስ እግር ብትለው፣ ጨርቁን እንኳ ሳያስፈታ እንደ ልጅ እግር ይሆናል አላት። ምራቄን ተፋሁ። የተፋሁት መሬት ላይ መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በመንገዳችን ደብረ ብርሃን ወርዳ ሐኪሙን ጠየቀችው። አልሳቀባትም። ሕክምናው እውነተኛ እንደሆነ፣ በጥብቅ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አየሩ ታምቆ ንጹሕ ኦክስጅን እንደሚተነፈስ፣ አንዳንድ የስኳር ቁስልንም ከሌላው ሕክምና ጋር ሆኖ እንደሚያግዝ ነገራት። ስኳሩን ግን አያጠፋውም። የእሷ ቁስል ደግሞ አጥንት ነክቷልና ብዙ ተስፋ አልሰጣትም፤ የተባለውንም ቦታ አያውቀውም።

"እናቴ፣ ኦክስጅን የታመቀበት ቤት እሳት በቀላሉ ይነሣል" አላት። "እውነተኞቹ ቅባት ተቀብተው፣ የሱፍ ልብስ ለብሰው አያስገቡዎትም። አስታጥበው ጥጥ ያለብሱዎታል።"

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት ስትወጣ ባያት ጸጉሯን በቅቤ ነክራ፣ እኔ የሸመንኩላትን ባና ደርባለች። ሰርግ የተጠራች ትመስል ነበር። ቅቤው በጆሮዋ ሥር ይወርዳል። ደሜ ፈላ፤ ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው ወይ ብዬ ተቆጣኋት።

"አልረሳሁም" አለችኝ። "አንተ ዝም ብለህ ደግፈኝ።"

ክፍሉ ከአንድ ፎቅ ሥር ነው። መስኮት የለውም። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ተቀምጠዋል፤ አንዱ የሚያስለው ሌላው ፊት ላይ ነው። ምንተስኖት እዚህ ሐኪም ሆኖ ጠበቀን፤ ነጭ ጋወኑ አንገትጌው ላይ ጠቁሯል። አልጋው ላይ ያ ዚፕ ያለው ከረጢት ተዘርግቷል። ከፊታችን የነበሩት ሽማግሌ ከውስጡ ሲወጡ አፋቸው ላይ የነበረውን ጭምብል ተቀብሎ በጋወኑ ጫፍ ጠረገና ለእህቴ ዘረጋላት። 

እሷ ጭምብሉን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

"ልብሴን አልቀይርም?"

"አያስፈልግም እማማ፤ እንደተመቸዎት።"

"ጸጉሬ ቅቤ ነው።"

"ምንም አይደል። ብዙ የገጠር እናቶች ቅቤያቸውን እንደተቀቡ ነው የሚገቡት።"

እትዬ የትምወርቅ አልተወችውም። ደግማ ባናዋን ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ይህም የበግ ጠጉር ነው አለችው፣ እንደምትለምን ሰው። ይሞቅዎታል አላት። ያን ጊዜ ክንዴን ያዘችና እያነከሰች ወጣች። ምንተስኖት ከኋላችን ይጣራል፤ የምመልሰው ስድብ ነበረኝ፣ እሷ ግን ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አላስቆመችኝም።

አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን። እኔ ምንተስኖትን ከነዘር ማንዘሩ እረግማለሁ።

"ተወው" አለችኝ በመጨረሻ። "የተቀባሁት እንዲመልሱኝ ብዬ ነበር። ታጥበሽ ነይ ቢሉኝ፣ እግሬ ሳይተርፍልኝ አይቀርም ነበር።"

ባናዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት።

ደብረ ብርሃን ወርደን በቀጠሮዋ ቀን ሆስፒታል ገባን። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ የእህቴን ሻሽ ገለጥ አድርጋ አየችና ፊቷን አጨፈገገች። ይህን ሁሉ ቅቤ ይዘው አይገቡም፣ መጀመሪያ ይታጠቡ ብላ ሳሙና ሰጠቻት።

እትዬ የትምወርቅ ሳሙናውን ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች።

"እነዚህስ እውነተኞች ናቸው" አለችና አለቀሰች።