የቤቱ ማዳም

ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ከአፌ የማይጠፋው ቃል «ማዳም» ነበር። አሠሪዬ ስትጠራኝ «አቤት ማዳም»፣ ስትቆጣኝ «እሺ ማዳም»። እሷ ስትቀመጥ እኔ እቆማለሁ፤ እሷ ቆማ እኔ ብቀመጥማ ጉድ ፈላ! ሚኒሶታ ከገባሁ በኋላ ያንን ቃል ሁለተኛ ላልጠራው ምዬ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ ልጄ የወደደችው የቶጎ ልጅ ሆነ። እናቱ ሊጠይቁት ከአገራቸው መጡና እሁድ ከቸርች መልስ ቡርንስቪል እኛ ቤት ለምሳ ተጠሩ። እሳቸው ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ አያውቁም፤ የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። ልጁ እናቱ ካልመረቁት እንደማያገባ ልጄ አስቀድማ ነግራኛለች። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለኝ እሷ ብቻ ናት፤ በእኔ ቤት ምክንያት ልቧ እንዳይሰበር ሰግቼ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሴትዮዋ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው፣ ከዚያው ጨርቅ ሻሽ አስረው ገቡ። ብድግ ብለን «ኖር!» አልን፤ «በእግዜር» የሚል ጠፋ። ሁለት እጄን ይዘው ጎንበስ አሉና «ቦንዡር፣ ማዳም» አሉኝ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ሳላስበው ካፖርታቸውን ተቀብዬ፣ ወንበር ስቤላቸው፣ እንደ ድሮዬ ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ። ወንበሩን አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ ግን አልተቀመጡም። ሶፋውን አሳየኋቸው። «ሜርሲ፣ ማዳም» ብለው አሁንም ቆሙ። እንግዳ ቆሞ እኔ እንዴት ልቀመጥ? አልጫው እየቀዘቀዘ ተፋጠጥን።

ደሜ ፈላ። ወንበሬ ምን ሆነ? ንቀት ደግሞ የቤይሩቱ ይበቃኛል! ቀና ስል የልጄ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ማሚ፣ ፕሊስ፣ ዱ ሳምቲንግ!» አለች።

ወደ ልጁ ዞርኩና በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ «እናትህ ቤታችንን ጠሉት እንዴ?» አልኩት።

ደንግጦ እናቱን ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ደረታቸውን ይዘው ሳቁ።

«ኧረ በፍጹም!» አለ ልጁ። «የቤቱ ማዳም ሳትቀመጥ መቀመጥ ነውር ነው ብለው ነው። እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

«እኔን?»

ቃሉ ጥንት «እመቤቴ» ማለት እንደነበር፣ ያኔ ለመኳንንት ሚስቶች ብቻ ይባል እንደነበር ነገረኝ። ዛሬ ግን ለሁሉም ሴት ነው፤ እናቱ ገበያ ወርደው ቲማቲም ሻጯንም «ማዳም» ነው የሚሏት። እኔ ያንን ሁሉ ዘመን ማዳም ማለት አሠሪ ማለት ይመስለኝ ነበር።

ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። እሳቸውም ወዲያው ቁጭ አሉ። እፎይ! ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሁሉ ወረደልኝ። ልጄ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች።

አልጫውን አጣጥመው በሉ። ከዚያ የልጄን እጅ ሳብ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩና አንድ ነገር አሏት። ልጁ ፊቱ በርቶ፣ «‹ልጄ› ነው ያሉሽ» አላት።

እኔም ደህና አድርጌ ጉርሻ ጠቀለልኩና «እንኩ፣ ማዳም» አልኳቸው። ያንን ቃል ተቀምጬ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።